ከጎን ክፍል ያለው ሰው

ቦሌ ኤርፖርት፣ መስከረም 2016። እህቴ ከሚዛኑ አጠገብ ተንበርክካ የልጇን ሻንጣ መልሳ ትፈታለች። ሻንጣው ከተፈቀደው 23 ኪሎ በአራት ኪሎ አልፏል። ሽሮው በሁለት ላስቲክ፣ በርበሬው በሦስት ታሽጓል። ድርቆሹ እንዳይደቅ በሹራብ ተጠቅልሏል። በሶም አለ።

"እንግዲህ ምኑ ይውጣ?" አለ ልጁ።

እናቱ ቀና አላለችም። "መጻሕፍቱ ይውጡ። መጽሐፍ የሄድክበትም አይጠፋ። በርበሬ ግን ከየት ታመጣለህ ልጄ?"

ሁለት ወፋፍራም የሃይድሮሎጂ መጻሕፍት ወጥተው እኔ እጅ ላይ ቀሩ። ልጁ ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ፣ አባይን ከጣና ሲወጣ እያየ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ነው። አሁን የቻይና መንግሥት በሚሰጠው ስኮላርሺፕ የውሃ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ሊማር ወደ ዉሃን መሄዱ ነው። እናቱ ጉንጩን እያገላበጠች ሳመችውና መረቀችው፦ "እግዚአብሔር ይከተልህ። ከክፉ ይሰውርህ። ደግሞ ከሀበሾቹ እንዳትርቅ።"

የመጨረሻዋን ምክር ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤባታለሁ። ከፍቅር የወጣች ምክር ናት፤ ሰው አገር የታመመ ሁሉ ልክነቷን ያውቃል። ነገር ግን ይህ ልጅ ባለፉት ዓመታት በስልክ ያወራኝ ነገር፣ ከእሱም በፊት ከአገራችን ወጥተው የተማሩ ሰዎች ታሪክ፣ ምክሯ ግማሽ እንደሆነች አሳይቶኛል።

ዛሬ በዓለም ላይ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከአገራቸው ውጭ በከፍተኛ ትምህርት ላይ ናቸው። ስለ እነሱ የምንናገረው ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰዎች መካከል እንደሚሆን ነገር አድርገን ነው፦ ሂያጅና ተቀባይ። ልጁ ፈረንጅ አገር ሄደ፣ የፈረንጁን ጥበብ ተማረ፣ ተመለሰ ወይም ቀረ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል። ያ ሰው የአገሩ ባለቤት አይደለም፤ ወገንም አይደለም። እሱም እንደኛው ሻንጣውን አስመዝኖ፣ የእናቱን ቅመም ጠቅልሎ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ፣ ከጎን ክፍል ያለ ሰው ነው።

ዉሃን የሃን ወንዝ ከያንግትዜ የሚገናኝበት ከተማ ነው። በብዙ የቻይና ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚደረገው፣ የእህቴን ልጅ ያሳደሩት ለውጭ አገር ተማሪዎች በተለየ ሕንፃ ነው። በመጀመሪያው ወር ደውሎ አማረረ፦ "ጋሼ፣ ቻይና መጥቼ ከቻይናዊ ጋር ሳልተዋወቅ ልመረቅ ነው።" ዶርሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በስተቀኙ ከፓኪስታን የመጣ ልጅ አለ። ፊት ለፊቱ ከግብፅ ነው። ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከጋራው ኩሽና አጠገብ፣ ከቬትናም የመጣች ልጅ አለች። አራቱም የሚማሩት አንድ ክፍል ነው።

መጀመሪያ ያቀራረባቸው ጾም ነው። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነበር የገቡት። ፓኪስታናዊውና ግብፃዊው ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃሉ፤ የእህቴ ልጅ ሥጋና ወተት አይነካም። ማታ ማታ ኩሽናው ውስጥ ሦስት ድስት ይጣዳል። ምስሩን ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ፓኪስታናዊው ነው፦ በርበሬውን አሸተተና በእናቱ ቤት ከሚያውቃቸው ቅመሞች ውስጥ ኮረሪማ የሚመስለውን ለየ። እህቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። "ከሀበሾቹ እንዳትርቅ" ያለችውን ያን ቀን አልደገመችውም።

ቀጥሎ የመጣው ግን እንደ ምስሩ ቀላል አልነበረም።

አንድ መምህራቸው ድንበር ስለሚሻገሩ ወንዞች ያስተምር ነበርና እያንዳንዱ ተማሪ የአገሩን ወንዝ ይዞ እንዲቀርብ አዘዘ። የእኛው ልጅ ሁለት ሳምንት ተዘጋጀ። እኔም ከአዲስ አበባ ሆኜ አግዤዋለሁ። ግብፅና ሱዳን በ1959 (እ.ኤ.አ.) ተፈራርመው ውሃውን ሲከፋፈሉ ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ደረሰ። ከ80 በመቶ የሚበልጠውን ውሃ የምታመነጨው ኢትዮጵያ አልተጠራችም፤ ድርሻም አልተጻፈላትም። ይህን ቁጥር የሚያስተባብል የለም፤ ልጁም በቁጥሩ ተማምኖ ነበር።

አስቀድሞ የቀረበው ግን ፓኪስታናዊው ነው። ስለ ኢንዱስ ወንዝ ተናገረ። በ1960 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ባንክ አደራዳሪነት ሕንድና ፓኪስታን ስድስቱን ወንዞች እንዴት እንደተከፋፈሉ አስረዳ፦ የምሥራቆቹ ሦስቱ ለሕንድ፣ የምዕራቦቹ ሦስቱ ለፓኪስታን። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጦ ከታች መኖር ምን እንደሆነ አወራ። ውሃህ በሌላ ሰው ግቢ አልፎ ነው የሚመጣው፤ በሩን የያዘው እሱ ነው፤ ዛሬ አልዘጋውም፣ ነገ ግን ምን እንደሚያስብ አታውቅም።

"እውነቱን ነው እያልኩ አንገቴን እነቀንቃለሁ ጋሼ" አለኝ የእህቴ ልጅ። "ከዚያ ዞር ስል ግብፃዊው እኔን እያየኝ ነው።"

ግብፃዊው ምንም አላለም። ቀጥላ የቬትናሟ ልጅ ስለ ሜኮንግ ተናገረች። ቻይና ከላይ በወንዙ ላይ በደረደረቻቸው ግድቦች የተነሳ ደለሉ ወደ አገሯ ሳይደርስ እንደሚቀር፣ ከባሕሩ ዳር ያለው የሩዝ መሬት ጨዋማ እየሆነ እንደሄደ፣ ይህን ሁሉ እዚያው ቻይና ክፍል ውስጥ፣ በቻይናዊ መምህር ፊት ተናገረች። መምህሩም አዳመጣት። የእኛው ልጅ ተራው ሲደርስ የተዘጋጀውን ሁሉ አቀረበ፤ ከቁጥሮቹ አንዱንም አላስቀረም። ድምፁ ግን፣ እሱ እንደነገረኝ፣ ቤት ሲለማመድ የነበረው ድምፅ አልነበረም።

ያን ሌሊት ኩሽና ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ቆዩ። ግብፃዊው የዱምያት ልጅ ነው፤ የአባይ አንዱ ቅርንጫፍ ሜድትራንያን ባሕር የሚገባባት ከተማ። የወንዙ መነሻና የወንዙ መድረሻ አንድ ምድጃ ላይ ሻይ አፈሉ ማለት ነው። አባቱ ሩዝ ያርሳል። የባሕሩ ጨው ወደ ማሳው እየገባ ነው፤ ጨውን የሚያጥበው የወንዙ ውሃ ብቻ ነው። የእኛው ልጅ ደግሞ የአያቱን ነገር ነገረው፦ የወንዙ ድምፅ ከሚሰማበት መንደር እየኖሩ ማታ በኩራዝ የሚያመሹ፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ጀርባቸው በማገዶ የጎበጠ ሴት።

"ተስማማችሁ?" አልኩት።

"አልተስማማንም ጋሼ። ግን ከዚያ ወዲህ 'ግብፆች' ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።"

ልጁ በአባይ ላይ ስለሠራነው ግድብ ያለውን አቋም አልለወጠም፤ እኔም አልለወጥኩም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድባችን ሲመረቅ ዉሃን ሆኖ አልቅሷል። የለወጠው የተቀናቃኙን መልክ ነው፤ ድሮ ካርታ ላይ ያለ አገር ነበር፣ ዛሬ ሩዝ የሚያርስ የሰው አባት ሆኖበታል። ሕንድ በሚያዝያ 2017 የኢንዱሱን ስምምነት ማገዷን ስትገልጽ ልጁ ዜናውን ያነበበው ከፓኪስታናዊው ጋር አንድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነው። የወንዝ ፖለቲካን በማንም መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ አድርጎ ሊማረው አይችልም ነበር።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ተማሪ አዲስ አይደለም። ታሪካችንን መለስ ብዬ ሳገላብጥ ይህ ሦስተኛ ሰው በየምዕራፉ አለ፤ ስሙን የጠራለት ግን ጥቂት ነው።

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ድል በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ተላኩ፤ በፒተርስበርግ መድፈኝነት ተማሩ። በኋላም በፈረንሳይና በእንግሊዝ እርሻ አጥንተዋል። ሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሲያረቁ ግን የሩሲያን አልገለበጡም፤ የፈረንሳይን ወይም የእንግሊዝንም አልወሰዱም። የተመለከቱት በ1889 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የጃፓንን ነው። ሩሲያ በ1905 (እ.ኤ.አ.) በጃፓን ስትሸነፍ እሳቸው እዚያው ሩሲያ ነበሩ። አንድ የእስያ አገር አስተማሪዎቻቸውን ሲያሸንፍ ያየ ወጣት፣ ከአስተማሪዎቹ ሌላ የሚያየው አገር እንዳለ ይገባዋል። በጀርመንኛ ተናጋሪው አውሮፓ የተማሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ለኢትዮጵያ አርአያ ብለው የጠቆሙት ጃፓንን ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚነካው የዶክተር መላኩ በያን ታሪክ ነው። መላኩ በሐረር በራስ መኮንን ግቢ ያደጉ ናቸው። መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ከዚያም በ1922 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ወደ አሜሪካ ለትምህርት ተላኩ። ኦሃዮ ውስጥ ሙስኪንገም በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ከነጮች ጋር ተማሩ። ከዚያ ሕክምና ሊያጠኑ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ሃዋርድ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው።

የመላኩ ሕይወት የዞረው እዚህ ነው። በዚያ ዘመን ከቤተ መንግሥታችን ሰዎች ውስጥ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር መቆጠርን የማይወዱ ነበሩ። መላኩ ግን ከእነሱው ጋር ኖሩ፤ በልተው ጠጡ፤ እነሱ በማይገቡበት በር እሳቸውም አልገቡም። አገር ቤት ለአንድ ሚኒስትር ልጅ ታጭተው ነበር፤ እጮኝነቱን አፍርሰው ዶረቲ ሃድሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ሃዋርድ ውስጥ የጥንቷን አፍሪካ ታሪክ ያስተምር ከነበረው ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ጋር በ1934 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የምርምር ምክር ቤትን መሠረቱ። ይህ ሃንስቤሪ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት የተቀበለው ሰው ነው። አስቡት፤ ከሐረር የሄደ ወጣት የገዛ አገሩን ጥንታዊ ታሪክ ክብር የሚያስረዳው ሰው ያገኘው ከባሪያ ልጆች ልጆች መካከል ነው።

መላኩ በ1935 (እ.ኤ.አ.) በሕክምና ተመረቁ፤ በአሜሪካ የሕክምና ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ያው ዓመት ጣሊያን የወረረን ዓመት ነው። የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ለኢትዮጵያ አየር ኃይል ያገለገለው በመላኩ አገናኝነት ነው። ዶክተሩ ራሳቸው ወደ አገራቸው ተመልሰው በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ፤ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ፤ ከዚያም ተመልሰው አሜሪካ ሄዱ። በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ በሚያሳትሙት ጋዜጣም የጥቁር አሜሪካውያንን ድጋፍ ሰበሰቡ። ነጻነትን ሳያዩ በ1940 በአርባ ዓመታቸው በሳንባ ምች ሞቱ። በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በችግራችን ቀን ለደረሱልን የባሕር ማዶ ጥቁር ሕዝቦች ሻሸመኔ ላይ አምስት ጋሻ መሬት ሲሰጡ፣ መሬቱ የተሰጠው በዚሁ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ዛሬ ሻሸመኔ ላይ ከጃማይካ የመጣ ሽማግሌ ሲያገኙ፣ የታሪኩ አንድ ጫፍ ዋሽንግተን ውስጥ ካለ የተማሪ መኖሪያ መሆኑን ያስታውሱ።

ገርማሜ ነዋይም አሉ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተምረው ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ገቡ። በ1954 (እ.ኤ.አ.) የጻፉት የማስተርስ ጥናት ስለ አሜሪካም ስለ ኢትዮጵያም አልነበረም፤ ነጮች በኬንያ መሬት ላይ መስፈራቸው ስላስከተለው ነገር ነው። ኬንያ ያን ጊዜ በማው ማው ትግል ትነድ ነበር። ገርማሜ ተመልሰው የወላይታ አውራጃ ገዥ ሲሆኑ መሬት ለሌላቸው መሬት ማከፋፈል ጀመሩ፤ ባለርስቶቹ ከሰሷቸው፤ ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። ከዚያ እሳቸው የመሩት የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መጣ። በመፈንቅለ መንግሥቱ ላይ ያለን ፍርድ ሊለያይ ይችላል። እኔ የማየው ግን የኪኩዩን ገበሬ መሬት ሲያጠና የቆየ ዓይን፣ ወላይታ ሲደርስ ጭሰኛውን ሳያይ ማለፍ እንዳልቻለ ነው።

ይህን ሦስተኛ ሰው ለማግኘት የግድ ከአገር መውጣት አያስፈልግም፤ የምለውም የሚጠነክረው በዚህ ነው። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ተማሪዎች 200 ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጡ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከእኛዎቹ ጋር ዶርም ገቡ። እኛዎቹ "ያልተገዛች አገር ልጆች ነን" እያሉ ያደጉ ናቸው። ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ካለ አገር የመጡ ናቸው። ግን በነጻነት ይከራከራሉ፤ ማኅበር ማደራጀት ያውቃሉ፤ ስለ ፖለቲካ ጮክ ብለው ያወራሉ፤ በአገራቸውም ከእኛ የሚሻል የትምህርት ቤት ቁጥር ያነሳሉ። ያ ንጽጽር አመመ። የተማሪውን ንቅናቄ የወለደው እሱ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን የታሪክ አጥኚዎች ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ዕድሉን የሰጠው ቤተ መንግሥት ይህን አስቦት እንደሆን እጠራጠራለሁ። ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው መርሐ ግብር ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ላከው፤ ለብዙዎቹ ከሁሉ የራቀው ውጭ አገር የገዛ አገራቸው ገጠር ሆኖ ተገኘ።

በ1957 ዓ.ም. "መሬት ለአራሹ" ብሎ የወጣው ትውልድ ከእነዚህ ዶርሞች ነው የወጣው። የዚያን ትውልድ ጥፋትና ልማት ገና ተከራክረን አልጨረስንም። እኔ አንድ ፍርድ አለኝ፦ ከባዕድ አገር መጽሐፍ ብቻ ያመጡት ጥቅስ አመጡልን፤ ሰው ያገኙት ጥያቄ አመጡ። ብዙ የጎዳን ጥቅሱ ነው። ስለዚህ ነው የእህቴን ልጅ ሁለት መጻሕፍት ቦሌ ላይ ተቀብዬ ማስቀረቴ፣ በርበሬውም መሄዱ ዛሬ የማይቆጨኝ።

ወጣቱን ራሱን ይህ ዕድል ሊያመልጠው ይችላል፤ ሲያመልጠውም አይቻለሁ። ሁለት ዓመት ውጭ ቆይቶ ከሀበሻ ቤት ወደ ሀበሻ ቤት ሲዘዋወር የከረመ፣ ዲግሪውን ይዞ አንድም የሌላ አገር ወዳጅ ሳይዝ የተመለሰ ብዙ ነው። አልፈርድበትም። ብርድ አለ፣ ናፍቆት አለ፣ ቋንቋው ያደክማል፤ የራስ ሰው መድኃኒት ነው። መድኃኒት ግን ቀለብ አይሆንም።

በቅርቡ እህቴ በመንገደኛ የምትልክለትን ስታዘጋጅ ቤቷ ነበርኩ። በርበሬውን መዘነችና በሌላ ላስቲክ ግማሽ ኪሎ ጨመረች። ላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችበት፦ "ለዱምያቱ ልጅ"።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ ልመልሳችሁ። ዛሬ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያና ከኤርትራ የመጡ ስደተኛ ተማሪዎች ከልጆቻችን ጋር ይማራሉ። ከእነሱ ውስጥ ጀርመን የምትረዳው፣ በ1992 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ዳፊ የተባለ ስኮላርሺፕ የሚያስተምራቸው አሉ። ዓለምን ለማየት ስኮላርሺፕ ላላገኘ ልጅ ዓለም ራሷ መጥታ ዶርሙ ገብታለታለች። ዩኒቨርሲቲዎቻችን እነዚህን ተማሪዎች በተለየ ሕንፃ ባያሳድሯቸው፣ በየክፍሉ ቢያደባልቋቸው፣ የአገራቸውን ነገር ቆመው እንዲናገሩ መድረክ ቢሰጧቸው፣ ለዚህ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም። እናንተም፣ ዘንድሮ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የላካችሁ ወላጆች፣ ስትደውሉለት በላህ ወይ፣ አጠናህ ወይ ብላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ከጎን ክፍል ማን እንዳለ ጠይቁት።